ሳይበሳ የሚሰፋ እራፊ

ዶክተሯ ሆዴ ላይ በጥቁር ቀለም ክብ ስትሠራ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከእምብርቴ በስተግራ፣ ከቀበቶዬ ትንሽ ዝቅ ብላ፣ የሳንቲም ያህል ክብ። "ይቀመጡ" አለችኝ፣ ተቀመጥኩ። "ጎንበስ ይበሉ" አለችኝ፣ ጎነበስኩ። "ክቧ ትታይዎታለች?" ብላ ስትጠይቀኝ ነው ዓይኔን የገለጥኩት። እንዴት አትታየኝም? ሠላሳ አንድ ዓመት በሰው ሸራ ላይ ስሠራት የኖርኳትን ክብ ነው እኔው ላይ የሠራችብኝ።

የጭነት መኪና ሸራ ሰፊ ነኝ። ሰዉ "ሸራው" ነው የሚለኝ፤ ትክክለኛ ስሜን የሚያውቁት ሚስቴና የግብር ቢሮው ብቻ ናቸው። በሸራ ጠርዝ ዙሪያ ገመድ የሚያልፍባቸው የብረት ቀለበቶች አሉ። ለያንዳንዱ ቀለበት ቀዳዳ ይበሳል፤ ግን ዝም ብሎ አይበሳም። መጀመሪያ ከኋላ በኩል ድርብ እራፊ ይደረግና አራቱም ጎኑ ይሰፋል። ከዚያ ነው ክብ የሚሠራው፣ ከዚያ ነው መብሻው የሚመታው። አስቀድሞ በስቶ ኋላ እራፊ የሚፈልግ ሰው ወይ ጀማሪ ነው ወይ ሰነፍ።

ሸራው ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ደግሞ መኪናው ላይ ይለካል። ሾፌሩ በአንድ ወገን ገመዱን ይስባል፣ እኔ በሌላው ወገን እግሬን ጎማው ላይ ተክዬ እይዛለሁ። ጭነቱ መሐላችን ስላለ አንተያይም። "ያዘ?" ብሎ ይጮኻል። ቀለበቱን በእጄ ዳስሼ፣ ስፌቱን አይቼ "ያዘ" እላለሁ። ይህን ቃል ሳይሰማ ከደጄ የወጣ ሾፌር የለም።

እንግዲህ የኔ ነገር እንዲህ ነው። ሽንት ቤት ደም ሳይ ወራት አለፉ፣ ኪንታሮት ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ካንሰር ነው ተባልኩ። የአንጀቴ መጨረሻ ላይ፣ በጣም ዝቅ ብሎ ስለበቀለ ቆርጦ መልሶ መቀጠል አይቻልም። የታችኛው መውጫ ይደፈናል፤ አንጀቴ በዚያች ጥቁር ክብ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከረጢት ይለጠፍበታል፤ ዕድሜ ልክ። ይህን ተቀበልኩ ብል ውሸት ነው። ዋጥኩት።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ።

"የሆድዎን ጡንቻ በስተን ነው አንጀቱን የምናወጣው" አለች ዶክተሯ። "የተበሳ ጡንቻ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየላላ ይሄዳል። ሲያስሉ ይገፋል፣ ዕቃ ሲያነሱ ይገፋል። በቀዳዳው ጎን ሌላ አንጀት ተከትሎ ይመጣና ከቆዳው ሥር ያብጣል። ሄርኒያ የምንለው እሱን ነው።"

"ብዙ ሰው ላይ ይመጣል?" አልኳት።

"ብዙ ሰው ላይ። ለዚህ ነው ገና ከመጀመሪያው፣ በዚያው ኦፕራሲዮን፣ በቀዳዳው ዙሪያ ከጡንቻው ኋላ መረብ ማድረግ የሚቻለው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው። ግን ልዋሽዎት አልፈልግም፤ ሁሉም ሐኪም አይስማማበትም። መረብ ተደርጎለትም የሚያብጥበት አለ። ባዕድ ነገር ስለሆነ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ያኔ መልሰን ልናወጣው እንችላለን። እርስዎ ከባድ የሚያነሱ ሰው ስለሆኑ እኔ ብናደርገው እላለሁ። ውሳኔው የእርስዎ ነው።"

ሁለት ወረቀት ሰጠችኝ። አንዱ ለኦፕራሲዮኑ፣ አንዱ ለመረቡ። የመጀመሪያውን እዚያው ፈረምኩ። ሁለተኛውን እስከ ረቡዕ ከሰዓት ላስብበት አልኳት፤ ሐሙስ ጠዋት ነበር ኦፕራሲዮን የምገባው። ዶክተሯ የልጄ እኩያ ናት፤ ቢላዋው ያለው እሷ እጅ ስለሆነ ግን "እርስዎ" ነው የምላት።

የተኛሁበት ክፍል ሁለት አልጋ አለው፣ በመጋረጃ የተከፈለ። ከመጋረጃው ወዲያ ማን ቢተኛ ጥሩ ነው? ቁልቁለት። ቁልቁለት የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ ስለሚወርድ ነው ይህ ስም የወጣለት። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ደንበኛዬ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገት ነቅንቀን እንተላለፋለን። እሱም የኔው ዓይነት በሽታ ይዞት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ተቆርጦ፣ ከረጢት ለጥፎ ይኖር ኖሯል። አሁን የመጣው ለሌላ ነገር ነው።

"ማየት ትፈልጋለህ?" አለኝ ገና በመጀመሪያው ቀን።

አልፈልግም ማለት ነበረብኝ። መጋረጃውን ገፋ አድርጎ የሆስፒታሉን ሸሚዝ ገለጠ። ከከረጢቱ ጎን የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል እብጠት አለ። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። አንዴ ሳል ሲያደርግ ከውስጥ የሆነ ነገር ተነሥቶ ቆዳውን ገፋና ተመለሰ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

"መጀመሪያ የለውዝ ያህል ነበረች" አለ ሸሚዙን እየመለሰ። "ከዚያ የመኪናው መሪ እሷን መግፋት ጀመረ። ከረጢቱም እብጠት ላይ አልጣበቅም አለ፤ ያፈሳል። ሰው መሐል ቁጭ ብለህ ሲያፈስ ምን እንደሆነ አታውቀውም። መንዳት ተውኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ይሰፉልኛል፤ እሱም ይያዝ አይያዝ እንጃ።"

"አንተን ስለ መረብ ጠይቀውህ ነበር?"

"ማን ይጠይቀኛል? ቢጠይቁኝም እምቢ እል ነበር። እኔም እንዳንተ ጀግና ነበርኩ።"

ሚስቴ ወንበሯ ላይ ብርቱካን እየላጠች ሁሉን ሰማች። እሷም ከኔ ጋር ነው የምትሠራው፤ ጠርዝ የምታጥፈው እሷ ናት። ልጣጩን እጇ ላይ እንደያዘች "እና አንተ ምን ልትል ነው?" አለችኝ።

"እምቢ ነው የምለው" አልኳት።

እብጠቱን ፈራሁ፤ ከእብጠቱ በላይ ግን መረቡን ፈራሁ። ምክንያት ነበረኝ። የዱቄቱ ነገር።

ያኔ፣ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ቁልቁለት ያረጀ ሸራ ይዞ መጣ። ቀለበቶቹ ረግፈዋል። ለአሮጌው ሸራ ወፍራም አዲስ እራፊ ሰፋሁለት፣ አዲስ ቀለበት መታሁለት፣ "ያዘ?" አለ፣ "ያዘ" አልኩ፣ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሙሉ ጭነት ዱቄት ዝናብ ገብቶበት ሊጥ ሆነ የሚል ወሬ ደረሰኝ። ሸራው በእራፊዬ ጠርዝ ተቀዶ ነፋስ ገደል ውስጥ ጨመረው አሉ። ሾፌሮች ሁሉ ሰሙ። "ሸራው የሰፋው ሸራ" እየተባለ ተቀለደብኝ። እኔም ቁጭ ብዬ አሰብኩና ገባኝ፤ ከጨርቁ የጠነከረ እራፊ ጨርቁን ይቀደዋል። አሮጌው ይሳሳል፣ አዲሱ አይለጠጥም፣ ነፋስ ሲመጣ አሮጌው በጠርዙ ይሸነፋል። ከዚያ በኋላ ያረጀ ሸራ ይዞ የመጣውን ሁሉ ስመልስ ኖርኩ። እኔ ደግሞ አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ያረጀ ሸራ ማለት እኔ ነኝ።

ረቡዕ ከሰዓት ዶክተሯ መረቡን ይዛ መጣች። ላየው እፈልጋለሁ ብያት ነበር። የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ነገር ናት፣ እንደ አጎበር ቀዳዳ ቀዳዳ። በጣቴ ዳሰስኳት። በርዝመቷ ሳብኳት፣ በወርዷ ሳብኳት፣ በሰያፍ ሳብኳት። በሁሉም በኩል ትንሽ እሺ ትላለች። ብርሃን ላይ ያዝኳትና ጠርዟን አየሁ።

"ጠርዙን በምን ነው የምትይዙት?" አልኳት።

"በጥቂት ስፌት። ኋላ ሥጋው ራሱ በቀዳዳዎቹ ውስጥ አድጎ ይይዘዋል።"

"እስኪያድግስ?"

"እስኪያድግ ከባድ አያነሱም።" ፈገግ አለች። "እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ በሽተኛ የለም።"

"ከጨርቁ የጠነከረ እራፊ ጨርቁን ይቀደዋል" አልኳትና የዱቄቱን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማሁ። ዶክተሯ እስክጨርስ ሰማችኝ። ለዚህ ሲባል ነው ቀላልና ለስላሳ መረብ የሚመረጠው አለችኝ፤ ሥጋ ደግሞ እንደ ሸራ አይደለም፣ ይድናል አለችኝ። ኦፕራሲዮኑ ላይ አንጀት ውስጥ ያለው ነገር ከፈሰሰ ግን መረቡን እንደማታስገባ፣ ያንን የማውቀው ስነቃ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። "አልጫንዎትም" አለች መጨረሻ ላይ። እኔም "አልፈልግም" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ዶክተሯም ማታ ሲስተሯ ትወስደዋለች ብላ ወረቀቱን ኮመዲኖው ላይ ተወችው።

ሚስቴ ወረቀቱን አንሥታ አነበበችና መልሳ አስቀመጠችው።

ዶክተሯ እንደወጣች ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ መጣ።

"ሸራው።"

"ምን?"

"ያ ሸራ ገደል አልገባም።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሚስቴ ናት ተነሥታ መጋረጃውን የሳበችው። ቁልቁለት አልጋው ላይ ተቀምጦ እግሮቹን አንጠልጥሎ የእግሩን ጣቶች ያያል።

"መንገድ ላይ ጭነቱ አዘነበለብኝ" አለ። "አንድ ገመድ ልጨምር ፈለግኩ፣ ቀለበት የለም። በካራ በሳሁት። ካንተ እራፊ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጌ፣ ዝም ብዬ በሳሁት። ነፋሱ እዚያ ነው የገባው። እስከ ታች ተረተረው።"

"እና እራፊው?"

"ለመኪናው ባለቤት እውነቱን ብናገር ያን ቀን ነበር የምባረረው። 'እራፊው ነው የቀደደው' አልኩ። አንተ ሸራውን እንዳታየው ገደል ገባ አልኩ። ግማሹ አሁንም ግቢዬ ውስጥ ማገዶ ተሸፍኖበታል።" ቀና ብሎ አየኝ። "እራፊህ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።"

ኮመዲኖው ላይ የነበረውን ብርጭቆ አንሥቼ ነበር። ምን ላደርግበት እንደነበር አላውቅም፤ ሚስቴ ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው። አሥራ አራት ዓመት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ እኮ እባቡን እንኳ አላየሁትም። የሰው ወሬ ሰምቼ ነው ስበረግግ የኖርኩት። ያንን ሸራ አንድ ቀን አምጣና አሳየኝ ብዬ ቢሆን፣ ቀዳዳው የካራ ይሁን የስፌት በአንድ ዓይኔ እለየው ነበር።

"ለምን አሁን ትነግረኛለህ?" አልኩት።

"ነገ ትገባለህ። በኔ ውሸት ላይ እንድትፈርም አልፈለግኩም።"

መጋረጃውን ዝጊው አልኳት ሚስቴን። ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ለቁልቁለት አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ሰው ይህን ሲሰማ ቀለል ያለኝ ይመስለው ይሆናል። የባሰ ነው የሆነው። እስከዚያ ሰዓት ፍርሃቴ ምክንያት ነበረው፤ ተደግፌው እቆም ነበር። ምክንያቱ ሲወሰድብኝ ፍርሃቱ ብቻውን ቀረ። ቢላዋውን ፈራሁ፤ እብጠቱን ፈራሁ፤ ሥጋዬ ውስጥ የሚቀረውን ያን ነጭ ነገር ፈራሁ፤ አመርቅዞ ሲወጣ፣ ሳይወጣ፣ ሁሉንም ፈራሁ።

"አሁንስ ምን ትላለህ?" አለችኝ ሚስቴ።

"እፈራለሁ።"

"እሱንማ አውቃለሁ። የጠየቅኩህ ስለ መረቡ ነው።"

አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። "እኔ ስለ ሆድ ዕቃ አላውቅም" አለች። "ግን ካንተ ጋር ሠላሳ ዓመት ጠርዝ ሳጥፍ አንድም ቀን እራፊ ሳትሰፋ ስትበሳ አላየሁህም። አንዱን ችኩል ደንበኛ 'ቆይተህ ና፣ አለበለዚያ ሌላ ጋ ሂድ' ስትለው ሰምቻለሁ። ሊያብጥ ይችላል፣ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ልጅቷ አልደበቀችህም። ግን ሰው ሸራ ላይ የማታደርገውን ሆድህ ላይ ልታደርግ ነው?"

ሲስተሯ ወረቀቱን ልትወስድ ስትመጣ ሌላ ባዶ ወረቀት እንድታመጣልኝ ለመንኳት። "አባባ፣ አሁን እኮ ፈርመዋል" አለች። "አበላሽቼው ነው" አልኳት። በአዲሱ ወረቀት "እፈልጋለሁ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።

ሐሙስ ጠዋት ባለ ጎማ አልጋ ላይ አድርገው ይገፉኝ ጀመር። የጣሪያው መብራቶች አንድ በአንድ ከላዬ ያልፋሉ። የገባሁበት ክፍል ቅዝቃዜ ጥርሴን አንገጫገጨው። ዶክተሯን በዓይኗ ብቻ ነው ያወቅኳት፣ የቀረው ተሸፍኗል። እጇን ያዝኳት።

"ቀድሞ እራፊው፣ ከዚያ ቀዳዳው" አልኳት።

"እሺ አባባ" አለች። ማደንዘዣው ክንዴ ውስጥ ሲገባ የተሰማኝ እንደ በረዶ ውኃ ነው። መሞት እንዲህ ከሆነ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፣ ሐሳቡን አልጨረስኩትም።

ስነቃ አፌ ደርቆ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። የሚስቴ ፊት ከላዬ ነበር።

"ገባ?" አልኳት።

"ገብቷል። ምንም አልፈሰሰም፣ ንጹሕ ነበር ብላለች።"

ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አዲስ ፍርሃት መጣ። ገብቷል፤ ግን ይይዛል? በኛ ሥራ በማጣበቂያ የተለጠፈ እራፊ ሦስት ቀን አይወጠርም። ገመድ አይገባበትም፣ መኪና ላይ አይወጣም፣ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይተዋል። እኔም ራሴን እንደዚያ ዘረጋሁ። ጀርባዬ ላይ ተጋድሜ እንጨት ሆንኩ። ከሁሉ በላይ ሳልን ፈራሁ። ጉሮሮዬን አክታ ሲኮረኩረኝ እውጠዋለሁ፤ ሲመለስ እንደገና እውጠዋለሁ። ዓይኔን ስጨፍን የቁልቁለት ቆዳ ሲነሣ ይታየኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ሳልኩ አልሳልኩም ስል፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳት ተነሣብኝ፣ ደረቴም ሲር ሲር ይላል።

ሲስተሯ ደረቴን አዳመጠችና ተቆጣች። "ማን ነው አይሳሉ ያለዎት?"

"ስፌቱ ይድረቅ ብዬ ነው።"

"ሳንባዎ እየሞላ እኮ ነው! በመረቡ ሲጨነቁ በሳንባ ምች ሊሄዱ ነው?" ትራስ አመጣችና በሆዴ ላይ አስቀመጠች፣ ሁለት እጄን በላዩ አስያዘችኝ። "ጫን አድርገው ይያዙትና ይሳሉ። አሁን።"

ሚስቴን አየኋት። "አንቺ እዪልኝ" አልኳት። "ከከረጢቱ ጎን። የሚነሣ ነገር ካለ አትደብቂኝ።"

የሸሚዜን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ጎንበስ አለች። ከመጋረጃው ወዲያ የቁልቁለት አልጋ ሲጥ ሲጥ ማለቱን አቆመ። ላብ በጆሮዬ ሥር ይወርዳል። ትራሱን ጫንኩና ሳልኩ። ሕመሙ ከወገቤ እስከ አንገቴ አቃጠለኝ፤ በእርግጥ የተቀደድኩ መሰለኝ።

"ምን አየሽ?"

"ቆይ። አንዴ ድገመው።"

ደገምኩት። ሚስቴ ጠርዝ ስታጥፍ እንደምታደርገው ዓይኗን አጥብባ፣ ፊቷን ወደ ሆዴ አስጠግታ አየች። በጣም ቆየች።

"ምንም" አለች።

"ምንም ማለት?"

"ምንም አልተነሣም።"

እንባዬ መጣ፤ በሕመሙ አሳበብኩ። ሲስተሯ "ጎበዝ፣ በየሰዓቱ እንዲህ ያድርጉ" ብላ ወጣች። ከዚያ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ጭነት መሐላችን እንዳለ ያህል፣ ድምፅ መጣ።

"ያዘ?"

ሦስት ቀን አላናገርኩትም ነበር። ዝም ብዬ ልተወው አስቤ ነበር፤ ያውም ይገባው ነበር። ግን ያን ቃል ሳይሰማ ከኔ ደጅ የወጣ ሾፌር የለም፤ እሱም በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው በር ይገባል፣ እሱም ይፈራል። አንድ ጊዜ ደግሜ ሳልኩ፣ በመዳፌ ዳሰስኩ።

"ለዛሬ ያዘ" አልኩት፤ እጄን ግን ከትራሱ ላይ አላነሣሁም።